ማንም የማይከፍተው ላፕቶፕ

ባል፣ ጠበቃ ሚስቱ ላፕቶፕ ልትገዛ ስትሄድ አብሯት ሱቅ ገባ። «ለመያዝ የማይከብድ፣ ደግሞ ማንም የይለፍ ቃሉን ሰብሮ የማይገባበት ይሁንልኝ» አለችው ሻጩን። ሻጩ ፈገግ ብሎ አንዱን አቀበላት። በእጇ እየመዘነች ከሻጩ ጋር ስትሳሳቅ ባልየው በቅናት ነደደ።

«ምን ልትደብቂበት ነው?» አላት መንገድ ላይ።

«የደንበኞቼን ምስጢር።»

አላመናትም። በሳምንቱ ሳሎን ቁጭ ብላ ስትጽፍ ላፕቶፑን ከእጇ ነጠቃት። «ዛሬ ውሽማሽን አየዋለሁ!»

«ተው፣ እባክህ አታንብበው!» ብላ ጮኸች።

ስክሪኑ ላይ ፊቷ ያበጠ ሴት ፎቶ ነበር፤ ታናሽ እህቱ ጽጌማርያም። ከሥሩ ቃሏ ተጽፏል፦ «ባሌ ነው የሚደበድበኝ። ወንድሜ እንዳይሰማ አደራ፤ ከባሌ ጋር ጓደኛሞች ስለሆኑ ይነግርብኛል።»