የውሃ ዘበኛ

ሚስትህን ውሃ ከልክለህ ታውቃለህ? እኔ ከጠዋት ጀምሮ እየከለከልኩ ነው። የሆስፒታሉን ክፍል በር በጀርባዬ ደግፌ ቆሜ፣ ባለቤቴ ከንፈሯን በደረቀ ምላሷ ስታብስ አያለሁ።

ጥርሴን ልቦርሽ ትላለች። አይሆንም። እጄን ልታጠብ ትላለች። አብሬያት ሄጄ፣ መዳፏ ውሃ እንዳይቋጥር ጣቶቿን ፈልቅቄ አስታጥቤ እመልሳታለሁ። አልጋው አጠገብ የነበረውን አበባ ከነማስቀመጫው ያወጣሁት ውስጡ ያለውን ውሃ አተኩራ ስታይ ደርሼባት ነው።

«እናትህ ይህን ብታይ ከኔ ጋር ነበር የምትቆመው» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ሐኪሟ ስታስረዳን ነገሩ ቀላል ይመስል ነበር። ከአንጎል ሥር አተር የምታክል ዕጢ አለች። ሰውነት ውሃ ሲያጥረው ሆርሞን ትለቅና ኩላሊትን ያዝ፣ አታፍስ ትለዋለች። ውሃው ሲተርፍ ዝም ትላለች። በደማችን ውስጥ ያለው ውሃና ጨው ሳይዛነፍ የሚኖረው በዚህ ነው። የሚስቴ ዕጢ መናገር ትታ ከሆነ፣ ኩላሊቷ የጠጣችውን ሁሉ ይለቀዋል፤ እሷም የወጣውን ለመተካት ስትጠጣ ትውላለች። ይህን ለማረጋገጥ ውሃ ከልክሎ ክብደቷንና ሽንቷን እየለኩ መጠበቅ ነው። አንድ ጉንጭ ብትሰርቅ ምርመራው ተበላሸ።

ምርመራው ከተበላሸ ደግሞ ሥራዋ ሄደ። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ እጅጌ ትሰፋለች። ተቆጣጣሪዋ ማሽኖቹን አስቁሞ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ ውሃ የምትጠጣው ሽንት ቤት ለመመላለስ፣ የምትመላለሰውም ከሥራ ለመሸሽ ነው ብሎ ለጋሚ አላት። እስከ ነገ የሐኪም ማስረጃ ካላመጣች ትሰናበታለች። ከዚያ በፊት ያያት ሐኪም ደግሞ ጭንቀት ነው፣ ውሃ ቀንሺ ብሎ ሸኝቷታል። ለሁለቱም የምነግራቸው ነበረኝ፤ ኮቴን ይዛ አስቀረችኝ። ሙያዬ ማስተማር ቢሆንም ከባንክ ዘበኛ ጋር ሳይቀር ስለምከራከር ጠበቃዬ ነው የምትለኝ።

ነርሷ ገብታ ሚዛን ላይ ታቆማታለች። ክብደቷ ቀንሷል። ሽንቷ ግን አሁንም እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። ለምርመራው ጥሩ ምልክት ነው ትለናለች። ዓይኗ የጎደጎደ ሰው ፊት ቆሞ ጥሩ ምልክት! አፌን ልከፍት ስል ሚስቴ ክንዴን ትቆነጥጠኛለች።

የጎደላትን ሆርሞን በመርፌ ይሰጧታል። እንጠብቃለን። እግሯን ጭኔ ላይ ሰቅላ፣ ከዚህ ስትወጣ እኔን ፈትታ ቧንቧ እንደምታገባ ትነግረኛለች። ቧንቧ አይነዘንዛትም፤ ከጎረቤትም አያጣላትም። እኔ የእግሯን ጣቶች አሻለሁ።

ቀኑ ሲገፋ ሐኪሟ ትንሽ ብልቃጥ ይዛ ትመጣለች። ውስጡ ያለው ቢጫ ነው። ሰው የሽንት ቀለም አይቶ ዕንባ ይተናነቀዋል ቢሉኝ እስቅ ነበር። ኩላሊቷ ምንም አልሆነም፤ መርፌው ያዝ ሲለው ይዟል፤ የጠፋው የዕጢዋ ትእዛዝ ነበር።

«አየህ ጠበቃዬ፣ ለጋሚ አለ ያለው ተቆጣጣሪዬ እውነቱን ነው» ትላለች ሚስቴ። «ዕጢዬ ናታ።»

ሐኪሟ ስትፈቅድ በሩን ለቅቄ ውሃ እቀዳላታለሁ። ጥቂት ትጎነጭና ብርጭቆውን ትመልስልኛለች። ግማሹ አልተነካም።

«በቃኝ።»

ይህን ቃል ከአፏ ከሰማሁ ዓመት አልፎታል። ብርጭቆውን የት እንደማስቀምጠው ይጠፋኛል።

ስልኳ ይጠራል። ተቆጣጣሪዋ ነው። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። ማስረጃ አገኘች ወይ ይላል፤ ምን እንደተገኘባት ስትነግረው ይለሰልሳል። ወረቀቱን ነገ ጠዋት ሰው ሳይበዛ ቢሮው ብታስገባለት፣ ያለፈው እንዳለፈ ይቆጠርና ማሽኗ ላይ ትቀመጣለች። ነገር ማብዛት ለማንም አይጠቅምም ይላል።

ስልኩን ልቀበላት እጄን እዘረጋለሁ። ለዚህስ የምነግረው አለኝ። እሷ ግን መዳፌን ይዛ ጭኗ ላይ ታሳርፈዋለች። በማንም ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም፤ አሁንም አታደርግም።

«ነገ እመጣለሁ» ትለዋለች። «ቢሮህ ግን አልገባም። ማሽኖቹን አስቁምና፣ ምን አይተህ ለጋሚ እንዳልከኝ ሴቶቹ ሁሉ እየሰሙ መልስልኝ።»