የተልባው ሰዓት

መርፌ ከቀረ ወዲህ የስኳር መድኃኒት ይዋጣል። እንክብሉ ወደ ደም የሚገባው የአንጀትን ግድግዳ ከፍቶ ነው፤ ግድግዳው እስኪዘጋ ድረስ ከተልባ ውሃ በቀር ሌላ የቀመሰ ሰው አንጀቱ ይቆስላል። እስከዚያው በሽተኛው የሚያጠልቀው የእጅ አምባር ቀይ እያበራ ያስጠነቅቃል።

ወይዘሮ የሻረግ እንክብላቸውን ውጠው ተልባውን ሊያነሱ ሲሉ፣ አኩርፋቸው ዓመት የከረመችው ምራታቸው ትርንጎ ለእርቅ ቀይ ወጥ ሠርታ መጣች። እጇን ታጥባ ጉርሻ ጠቀለለችና ዘረጋች።

«እማዬ፣ በሞቴ ይጉረሱልኝ!»

የሻረግ አምባራቸውን አዩ፤ ቀይ ነው። «ቆይ» ቢሏት ዳግመኛ ደጃቸውን እንደማትረግጥ ያውቃሉ። እጅጌያቸውን ሳብ አድርገው አምባሩን ሸፈኑና ጎረሱ። በርበሬው ሆዳቸው ሲደርስ እንደ ፍም ፈጃቸው፤ ፊታቸው ግን አልተለወጠም።

ትርንጎ እፎይ ብላ እጇን ልትሰበስብ ስትል፣

«አንድ ጉርሻማ ያጣላል» አሉና አፋቸውን ደግመው ከፈቱ።