የመላጊያው ባለቤት

የፍርድ ቤቱ አስፈጻሚ የመጋዙን ቁጥር መዝግቦ ሲጨርስ እስክሪብቶውን ጆሮው ላይ ይሰካና ወደ ጣውላ መላጊያው ማሽን ይዞራል።

"ይሄስ?"

"እሱ የኔ አይደለም፤" ይላል አባቴ፣ ጥግ ካለችው በርጩማ ሳይነሳ። "የልጄ ነው። አምና ሸጬለታለሁ።"

የጣውላ ነጋዴው በሩን ተደግፎ ይስቃል። ሃያ ዓመት ሙሉ ለአባቴ ጣውላ በዱቤ ሲሰጥ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ ግን ካልከፈልከኝ መክሰርህን በፍርድ ቤት አሳውጃለሁ ብሎ ከሰሰው። ዛሬ ንብረቱ ሲመዘገብ ለማየት ከአስፈጻሚው ቀድሞ ነው የደረሰው።

"ፈላስፋው ነው የገዛህ? ይሄ ልጅ መጽሐፍ ሲገልጥ እንጂ ጣውላ ሲልግ አይቼው አላውቅም።"

"ይልጋል፤" ይላል አባቴ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ውሉን ከኪሴ አወጣለሁ። የአምና ወረቀት ነው የተባለው፣ እጥፋቱ ግን ገና አልለሰለሰም። አባቴ ሳምንቱን ሙሉ አስጠንቶኛል፤ የተሸጠበትን ቀን፣ ዋጋውን፣ የምስክሮቹን ስም። ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ ይቺ ከተረፈችልን እንደ አዲስ እንጀምራለን ብሎኛል። "እንጀምራለን" ሲል እኔንም መቁጠሩ ነበር የገረመኝ።

አስፈጻሚው ወረቀቱን ሁለቴ ያነበዋል። ክፉ ሰው አይመስልም።

"የምትሠራበት አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው አስነሳውና ልየው። ከሠራህበት ያንተ ነው ብዬ ጽፌ አልፈዋለሁ።"

ይሄማ ቀላል ነው። ከወለሉ አንድ አጭር ጣውላ አነሳና ግድግዳው ላይ ያለችውን ማብሪያ እጫናታለሁ።

ማሽኑ ያጉረመርማል እንጂ ምላጩ አይዞርም። አጠፋለሁ፤ ደግሜ አበራለሁ። ያው ነው። ሞተሩ አፉን እንደታፈነ ሰው ያቃስታል።

"ባለቤቱን አልለየው ይሆናል፤" ይላል ነጋዴው። "እስቲ አንድ ገጽ አንብብለት።"

ወደ አባቴ እዞራለሁ። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም። ቁልፍ ውስጥ ረስቶ በር የዘጋ ሰው ድንጋጤ ነው ያለው። ያላስጠናኝ ነገር እንዳለ ያኔ ይገባኛል። ሞተሩ ማቃሰቱን አልተወም፤ የኔ እጅ ማብሪያው ላይ ደርቋል። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ ይመጣል። ከሞተሩ ሥር ቀጭን ጭስ ይወጣል።

"አባት፣ እርስዎ ይቀመጡ፤" ይላል አስፈጻሚው።

አባቴ ግን ተነስቷል። አጥፋው ሊለኝ ይችል ነበር፤ እግሩ ቀደመው። በሦስት እርምጃ ይደርስና ጎንበስ ብሎ ሞተሩን ከምላጩ የሚያገናኘውን ጥቁር ቺንጋ በመዳፉ ወደ ታች ይገፋዋል። አንዴ ብቻ፣ በቀስታ፣ የተኛ ልጅ እንደሚቀሰቅስ ሰው። ማሽኑ ይነሳል። ድምፁ ቤቱን ይሞላዋል።

አባቴ ጣውላዋን ከእጄ ይቀበለኝና ምላጩ ላይ ያስኬዳታል። ፍቅፋቂው እየተጠቀለለ አስፈጻሚው ጫማ ላይ ይወርዳል። አባቴ አይቸኩልም። ጣውላዋ ዳር እስክትደርስ ይጠብቅና ያጠፋዋል።

"እንዲህ ካልገፉት አይነሳም?" ይላል አስፈጻሚው፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

"ስድስት ዓመቱ።" አባቴ ይህን ሲል የሚያየው እኔን ነው። "መንገሩ ትዝ አላለኝም። እጄ ነው የሚያውቀው።"

አስፈጻሚው እስክሪብቶውን ከጆሮው ያወርድና ከማሽኑ ጎን የተለጠፈውን ቁጥር ከመጋዙ ቁጥር ሥር መጻፍ ይጀምራል። ነጋዴው አሁን አይስቅም፤ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሷል።

አባቴ በርጩማው ላይ ተመልሶ ይቀመጥና እጁን ጉልበቱ ላይ ይዘረጋል። መዳፉን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር መስመር አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ገበታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ታጥቦ ያልለቀቀ ቆሻሻ ይመስለኝ ነበር።

የኔን እጅ ኪሴ ውስጥ እከተዋለሁ።