ደወሉ እስኪደወል

«ቲቸር፣ አፍዎ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም!» ብሎ ጮኸ ከተማሪዎቿ አንዱ፣ ለፍላፊው።

መምህሯ ማይኩን ከፈተችው። የሁለተኛ ክፍል ልጆቿ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ጉርድ ፎቶ ተደርድረው ያፈጡባታል። አንዱ ዳቦ ይገምጣል። የአንዷ አባት ፎጣ አገልድሞ ከኋላዋ ውልብ አለና «ውይ!» ብሎ ተመለሰ፤ ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም ከየቤቱ መማር ከጀመረ ወዲህ ያላየችው ጉድ የለም። ሌላ ቀን ቢሆን አብራ ትስቅ ነበር።

ዛሬ ግን ዓይኗ ከኮምፒውተሩ አንዲት ጥግ አልነቀል ብሏል። እዚያ ጥግ ላይ ነጭ ትራስ አለ፤ ትራሱ ላይ የገዛ ልጇ፣ ሚጡ፣ አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተደርጎላት ተጋድማለች። ስልኩን የያዘችላት ነርሷ ናት፤ ጓንት ያጠለቀው አውራ ጣቷ አልፎ አልፎ ምስሉን ይሸፍነዋል። በሽታው ተላላፊ ነውና ወደዚያ ክፍል እናትም ብትሆን አትገባም።

ጠዋት ሐኪሙ ደውሎላት ነበር። «ረፋድ ላይ አስተኝተን የመተንፈሻ ማሽን እናደርግላታለን። ከዚያ በኋላ ማውራት አትችልም። የሚሏት ነገር ካለ ቀደም ብለው ይበሏት።»

«ትነቃለች አይደል?»

«የምንችለውን እናደርጋለን» አለ ሐኪሙ። እንዲህ ከሚላት ቢዋሻት ይሻላት ነበር።

ብቻቸውን ሊያወሩ ነበር ሐሳቧ። ልጅቱ ናት እምቢ ያለችው። «ዛሬ የማንበብ ተራዬ ነው! ቀሪ ልባል ነው?» ብላ አለቀሰች፤ ማልቀሱ ደግሞ ያለችውን ትንሽ ትንፋሽ ሊጨርስባት ሆነ። ግትር ናት፣ በማን ወጥታ! እሺ ከማለት ሌላ ምን ይደረጋል?

«ሚጡ፣ ተራሽ ነው» አለች መምህሯ።

«እሺ፣ ቲቸር።»

ቲቸር! ይህን ጣጣ ያመጣችው ራሷ ናት። ልጇ እሷ የምታስተምርበት ክፍል ስትደርስ፣ ለልጇ ታዳላለች እንዳትባል ፈርታ፣ «ግቢ ውስጥ እናትሽ አይደለሁም። ደወል ተደውሎ ከበር ስንወጣ ያኔ እማዬ ትይኛለሽ» አለቻት። ሚጡም ያዝ ያሏትን አትለቅም። አንድ ቀን ወድቃ ጉልበቷ ደም በደም ሲሆን እንኳ እንባዋን ዋጥ አድርጋ «ቲቸር፣ ወደቅኩ» ብላ ነው የመጣችው። ከበር ከወጡ ግን ቦርሳዋን ከትከሻዋ ታወርድና «እማዬ፣ ደክሞኛል፣ ያዥልኝ» ትላለች። የእናትየው መልስ ሁሌ ያው ነው። «ትልቅ ልጅ አይደለሽ እንዴ? ራስሽ ተሸከሚ!»

ሚጡ ማንበብ ጀመረች። «ጥንቸሏ... ዘንቢሏን... አንጠልጥላ...» በየቃሉ መሃል ትንፋሿ ቁርጥ ይላል። ለፍላፊው እንኳ አላቋረጣትም፤ ዳቦ የሚገምጠውም ጉንጩን እንደሞላ ቀረ። «...ገበያ... ሄደች።» ልጆቹ አጨበጨቡላት። እሷም ኮራ ብላ ዓይኗን ጨፈን ገለጥ አደረገች።

«የሚጡ እናት» አለች ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሐኪሞቹ መጥተዋል።»

መምህርነቷ እዚያ ላይ አለቀ። «ሚጡዬ፣ የኔ ሆድ፣ እስቲ እማዬ በይኝ።»

ልጅቱ ወደ ጓደኞቿ አየት አደረገች። አፈረች። «ክፍል ውስጥ ነን እኮ፣ ቲቸር።»

«ግዴለም፣ ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ።»

«ገና አልተደወለም።»

እውነቷን ነው። ማን ይደውል? ዘበኛው የሚቀጠቅጠው ብረት ባዶ ግቢ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። እናት ከወንበሯ ተፈናጥራ ማድ ቤት ገባች፤ የድስት ክዳንና ጭልፋ ይዛ ተመለሰች። ቋ! ቋ! ቋ! ጎረቤት ምን ይለኛል አላለችም። እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ቀጠቀጠችው።

«ቲቸር፣ ሰዓቱ ገና ነው እኮ!» አለች አንዷ ሥርዓት ወዳድ።

«ደርሷል! ውጡ ልጆቼ፣ ወደ ቤት!»

ቤታቸው ቁጭ ብለው «ሆ!» ብለው ጮኹ። ፊቶቹ አንድ በአንድ ጠፉ። መጨረሻ ላይ ለፍላፊው «ሚጡ፣ ነገ እንገናኝ!» ብሎ ወጣ። ነጩ ትራስ ብቻውን ኮምፒውተሩን ሞላው።

«እማዬ» አለች ሚጡ።

«ወዬ! ወዬ የኔ እናት!»

«ደክሞኛል። ቦርሳዬን ያዥልኝ።»

«አምጪ» አለች እናት ሁለት እጇን ዘርግታ። «አምጪው የኔ ልጅ። እኔ እሸከምልሻለሁ።»

የነርሷ አውራ ጣት መጥቶ ምስሉን ሸፈነው። ከዚያ ጥቁር ሆነ።

ቦርሳው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር። እናት አወረደችው። ማንገቻው በልጅ ልክ ነውና ትከሻዋ ላይ አልገባ አላት፤ በግድ አስገባችው። የቤቱን በር ከፈተችና ቦርሳውን እንዳዘለች ደፉ ላይ ቆመች፤ ከኋላዋ የሚመጣ ሰው እንደምትጠብቅ።