እስከ ስድስተኛው ክፍል

ሐያሲው ስለ ገዛ እናቱ እንኳ ደግ ቃል አይወጣውም ይባላል። የቴሌቪዥኑ የግድያ ድራማ አዘጋጅ ጋዜጣውን በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ የገለጠው ለዚህ ነበር።

«ታሪኩ ይንዛዛል፤ ተዋናዮቹ ይጮኻሉ» ይላል ጽሑፉ። «ግን ያ የበለዘ ገላ! ገዳዩ ሴትየዋን በጡጫ ከደቃት በኋላ መጀመሪያ ቀይ፣ በማግስቱ ወይን ጠጅ፣ በሳምንቱ ጠርዙ ቢጫ። አንገቷ ላይ አምስቱም የጣት ምልክቶች ይቆጠራሉ። እራቴን ሳልበላ አደርኩ። የሠራው እጅ ይባረክ!»

ተመልካቹማ አበደ። አንዲት ሴት ፖሊስ ጣቢያ ደውላ «ያቺን ልጅ አድኗት!» ብላ አለቀሰች። አንድ ጡረታ የወጣ መምህር ደግሞ በየሳምንቱ ስህተት እየለቀመ ይጽፋል፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ የሟቿ ጫማ ተቀየረ እያለ። ስቱዲዮ ውስጥ «ለቃሚው» ይሉታል።

የተባረከው እጅ የሜካፕ ባለሙያዋ ነው። ዝምተኛ ናት። በዚያ ሁሉ መብራት ሙቀት ውስጥ ሻርፕ ከአንገቷ አይወርድም፤ ብርድ አይስማማኝም ትላለች። ባሏ ጠዋት እስከ በሩ ያደርሳታል፤ ማታ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል። ግዙፍ ሰው ነው፤ የግራ ጆሮውን ጫፍ በልጅነቱ ውሻ ነክሶ ወስዶታል። የአዘጋጁ ሚስት አንድ ቀን አይታው፣ «ባል ማለት እንደሱ ነው!» እያለች አዘጋጁን ስትነዘንዘው ከረመች።

ሰባተኛው ክፍል ላይ ነገር ተበላሸ። «ምን ነካት?» አለ ሐያሲው። «ይኼ ድብደባ ሳይሆን የፈሰሰ ቀለም ነው።» ገዳዩ ሴትየዋን በቡጢ ሲያጎናት ተመልካች ሳቀ። ስምንተኛውም ያው ሆነ። የቴሌቪዥን ጣቢያው ኃላፊ ቁርጡን ተናገረ፤ አሥረኛው ክፍል ካልተስተካከለ ድራማው ይዘጋል።

አዘጋጁ አስጠራት። እጅጌ ጉርድ ለብሳ፣ ሻርፗን ጥላ፣ እያንጎራጎረች ገባች። ፍቅር ይዟታል አለ በሆዱ። ባሏም ሰሞኑን አይታይም።

«ባለቤትሽ ደህና ነው?»

«መስክ ወጥቷል።»

«ስሚኝ እህቴ፣ አንቺ ስትዝናኚ ስልሳ ሰው ሥራ ሊፈታ ነው። እጅሽ ምን ሆነ?»

«እኔ አይቼ እንጂ አስቤ መሥራት አይሆንልኝም፣ ጋሼ።»

«እንግዲህ የትም ሄደሽ እዪ! በአሥረኛው ክፍል የመጨረሻዋ ሴት ገዳዩን በመዶሻ ትገድለዋለች። ሬሳው ሃያ ቀን ምድር ቤት የቆየ ነው።»

«ሃያ ቀን?» ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች። «ዓርብ ይደርሳል።»

ዓርብ ጠዋት ገዳዩን የሚጫወተውን ተዋናይ መልክ የያዘ የላስቲክ ሬሳ አመጣች። አናቱ ተፈርክሷል። ሆዱ ተነፍቷል። የእጁ ቆዳ እንደ ጓንት ሊወልቅ ደርሷል። የካሜራ ባለሙያው ወጥቶ አስመለሰው።

«ይቅርታ እጠይቃታለሁ» ብሎ ጻፈ ሐያሲው። «ሶፋዬ ላይ ሆኜ ሸተተኝ። ይህች ሴት ሬሳ ክፍል ሳትገባ አልቀረችም።»

ይኼኔ አዘጋጁ ክው አለ። የሰው ሬሳ በድብቅ ፎቶ አንስታ ከሆነ የሟች ቤተሰብ መክሰሱ አይቀርም፤ ድራማውም አለቀለት። ወደ ከተማው ሆስፒታል ደወለ፤ ማንም አልመጣም አሉት። ራሷን ጠየቃት።

«ኧረ ጋሼ! እኔ የሬሳ ክፍል ደጁንም አልረገጥኩ» አለችና ሳቀች። ስትስቅ ሲያያት የመጀመሪያው ነበር።

እፎይ አለ። ጣቢያው ለድራማው ሌላ ዓመት ፈቀደ። ተዋናዮቹ እየጮኹ ሜካፕ ባለሙያዋን በትከሻቸው ተሸከሟት። አዘጋጁ ቢሮው ገብቶ፣ እግሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅሎ፣ የተመልካቾችን ደብዳቤ ይከፍት ጀመር። የመጨረሻው የለቃሚው ነበር።

«ገዳዩ እስከ ዘጠነኛው ክፍል ሁለቱም ጆሮዎቹ ሙሉ ነበሩ፤ ታዲያ የሬሳው የግራ ጆሮ ጫፉ የት ሄደ?»