የጥቁሯ አሜሪካዊት ሦስተኛ ግጥም

ሉብና ሦስተኛውን ወረቀት ከሁለቱ ሥር ሸጎጠችው፤ አወጣችው፤ መልሳ ሸጎጠችው። እግሯ አንድ ቦታ አልረጋ ብሏል። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤ ቅዳሜ ከሰዓት ግጥም ይነበባል ሲባል የሐይቅ ከተማ ሰው ሥራ የለውም እንዴ ያሰኛል።

«ተረጋጊ እንጂ፤ ወንበሩን ፈጀሽው እኮ!» አላት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ምስጋናው።

ቀጭኗን መጽሐፍ ያዋሳት እሱ ነው። ያንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ግጥሞች ናቸው፤ ቤት አይመቱም፣ አይዘፈኑም፤ ሴትዮዋ የገዛ ኑሮዋን ቁጭ ብላ እንደምታወራ ነው የጻፈችው። እናቷ በጓሮ በር እየገባች የነጮቹን ልብስ ስትተኩስ፣ አውቶቡስ ላይ ጎኗ የሚቀመጥ ሰው ሲጠፋ። ሉብና አንብባ «ለካ እንዲህም ይባላል!» አለችና ሁለቱን ወደ አማርኛ መለሰች። ሦስተኛው ግን ከመጽሐፉ አይደለም። የራሷ ነው፤ የአራት ዓመት የጅዳ የግርድና ኑሮዋ ነው። ለምስጋናው «ሦስቱም የሴትዮዋ ናቸው» ብላዋለች።

ታዲያ ምን ታድርግ? እናቷ መስኡዳ አዲስ ሻሿን ጠምጥማ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ጉብ ብላለች። መስኡዳ ላገሩ የነገረችው ሌላ ነው፤ «ልጄ ጅዳ ሆስፒታል ውስጥ ነበረች፤ ነጭ ጋዋን ለብሳ!» ይህን ወሬ እስከ ውጫሌ ገበያ ድረስ ያልሰማ የለም። ሊፈርድባት የሚፈልግ ይፍረድ፤ የልጇን ገመና መሸፈኗ ነበር። ሉብናም አላስተባበለች። ግን ከተመለሰች ሁለት ዓመቷ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝምታው ደረቷ ላይ ተቀምጦ መተንፈሻ ነሥቷታል። ዛሬ በሰው ስም አውጥታ ልትገላገለው ነው። እናቷ ብታውቅባትስ? ያረቢ!

ተጠራች። ሁለቱን አነበበች። ሰዉ ቤት እስኪመታለት ጠብቆ ጠብቆ ሲያጣ ማጨብጨቢያው ጠፋው። አንዷ ከኋላ «እና ሴትዮዋ እስካሁን እየተኮሰች ነው?» አለች፤ ሌላዋ «እሽ!» አለቻት። ሉብና ሦስተኛውን ወረቀት አነሣች።

«ለእናቴ የምደውለው ከመታጠቢያ ቤት ነው
ቧንቧውን ከፍቼ
ማዳም እንዳትሰማኝ።
ምንድነው የሚንሿሿው? ትለኛለች
ዝናብ ነው እላታለሁ።
በላሽ? ትለኛለች
ጠገብኩ እላታለሁ፤
ከልጆቹ የተረፈውን ቆሜ እየለቀምኩ።
እሰይ ዘነበላችሁ ትላለች እናቴ
ደስ ይላታል።
እዚህ አገር ዝናብ የለም።»

ዝም ማለት የማይሆንላቸው ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ጋሽ ዝናው እጃቸውን አወጡ።

«ቆይ፣ ቆይ! አሜሪካ ዝናብ የለም ያለው ማነው?»

«እሱ እንደየግዛቱ ነው ጋሼ» አለ ምስጋናው። ሰዉ ሳቀ።

መስኡዳ አልሳቀችም። የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። «ትናንትም ዘነበላቸው አሉ» እያለች ለጎረቤት ስታወራ የኖረችው እሷ አይደለች! አወቀች። በቃ፣ አወቀች። ሉብና በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች፤ በሩን አየች፤ በሩ በሰው ተዘግቷል።

ከፊት የተቀመጡት ሸህ ዑበይዱላህ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ። ለሳቸው ግጥም ይሁን ስሞታ ልዩነት የለውም፤ የተቸገረ ሰው ነገር በሰው ፊት ከተነገረ ተሰብሳቢው ዱዓ ሳያደርግለት አይበተንም።

«እንዲህ ያለ ነገር ሰምተንማ ዝም ብለን አንሄድም። አሜሪካም ትሁን የትም፣ የሰው ልጅ ናት፤ በሰው እጅ ናት። እጃችሁን አንሡ፣ ዱዓ እናድርግላት።»

እስላሙም ክርስቲያኑም መዳፉን ዘረጋ። ጋሽ ዝናውም ባርኔጣቸውን አውልቀው ዘረጉ።

«ስሟ ማነው ልጄ?» አሉ ሸሁ ወደ ሉብና ዞረው። «በስሟ ነው የምንለምንላት።»

ሉብና ወረቀቶቹን አገላበጠች። የመጽሐፏን ሴት ስም ብትጠራ ምን ነበረበት? ለሷም ዱዓ ይገባታል። ግን ያ መታጠቢያ ቤት የሴትዮዋ አይደለም፤ ደግሞ ሰው እጁን ወደ አላህ ዘርግቶ ሳለ እንዴት ይዋሻል? የራሷን ብትጠራ እናቷን ባገር ፊት ውሸታም ማድረጓ ነው። መዳፎቹ ሁሉ ተዘርግተው ይጠብቋታል። ምስጋናው የጠፋባት መስሎት መጽሐፏን አነሣና ከሽፋኑ ላይ ስሙን ሊያነብላቸው ጎንበስ አለ።

«ተው፣ ምስጋናው!»

መስኡዳ ናት። ቆማለች። ሻሿ ወደ ትከሻዋ ተንሸራቷል፤ አላስተካከለችውም። ጎረቤቶቿ ቀና ብለው ያዩአታል፤ እሷ ግን ዐይኗን ከልጇ ላይ አልነቀለችም።

«ከመጽሐፉ ላይ አታገኘውም» አለች ድምጿ እየተቆራረጠ። ከዚያ ወደ ሸሁ ዞረች። «ሉብና ይበሏት፣ አባባ። ሉብና ናት። የኔዋ።»

ሸህ ዑበይዱላህ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ መስኡዳ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ከሁሉም ቀድማ «አሚን» አለች።