ሳይሰግድ ወጣ

«ስልኩን ቀና አድርጊው፤ እግሩን ብቻ ነው የማየው!» ይላሉ አያ ሽባባው፣ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም። ለዚሁ ጉዳይ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ድረስ መጥተው መደቡ ላይ ተሰይመዋል። ልጄ ናርዶስ ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ ታቆመዋለች። የወንድሟ የመሳፍንት ፊት ይመጣል። ሂዩስተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ አንድ ነጭ ሕንፃ ደጅ ቆሟል። እዚያ ጧት ነው፤ እዚህ እንጅባራ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

ሕንፃው ከላይ እስከ ታች የተፈለፈለ ድንጋይ ነው። ያምራል። ማማሩ ራሱ ያናድደኛል።

መሳፍንት አንዲት የህንድ ልጅ ካላገባሁ ብሏል። ምርቃት የተጠየቁት በአባት ፋንታ ያሉት አያ ሽባባው ናቸው። እምቢ ሲሉ ከርመው በመጨረሻ ቆረጡ፦ «እሷ ወደ እኛ ትምጣ፤ የኔ ፍርሃት አንተ ወደ እሷ እንዳትሄድ ነው። ዘመዶቿ የሚሰግዱበት ቤት ግባና በዓይኔ ልይህ። ከሰገድህ ከደጄ አትደርስም። ሳትሰግድ ከወጣህ ያኔውኑ እመርቃችኋለሁ።»

እኔ ግን አንድ ነገር እንዲገኝባት ከጧት ጀምሬ እየለመንሁ ነው። ገና ፎቶዋን ሳይ ነው የጠላኋት። ካቪታ ትባላለች ይለኛል ልጄ፤ እኔ ያቺ ልጅ ነው የምላት።

ይኸው መጣች። መዳፎቿን ገጥማ አንገቷን ሰበር ታደርግና በተኮላተፈ አማርኛ «ጤና ይስጥልኝ» ትለናለች። ከንፈሬን እነክሳለሁ። እጇ አንጓ ላይ ቀይ ክር አለ፤ ቀለሙ የለቀቀ፣ ጫፉ የተበጣጠሰ።

«ያ ምንድን ነው?» ይላሉ አያ ሽባባው።

«የሃይማኖታቸው ክር ነው፣ አያ። ነርስ ናት፤ በሥራ ሰዓት ፍቺው ቢሏት እምቢ ብላ ልትባረር ነበር» ይላል መሳፍንት እየሳቀ።

«እንጀራዋን ለጣዖት ክር!» እላለሁ ጮክ ብዬ። «አእምሮም የላት!»

«እማዬ፣ ትሰማለች እኮ» ትላለች ናርዶስ።

«ትስማ! አማርኛ አታውቅ።»

«አማርኛው ባይገባት ፊትሽ ይገባታል።»

መሳፍንት ስልኩን ለልጅቱ ሰጥቶ ጫማውን ያወልቃል። «ጫማም ያወልቃሉ ደግሞ?» ይላሉ አያ ሽባባው፣ ከእኛ የሰረቁ ይመስል። ልጄ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው ቆልፏል። እንዲህ ያለ ለባሽ አልነበረም፤ ይችም የሷ ሥራ ናት እላለሁ በልቤ።

ውስጥ ደወል ይደወላል። ሐር የለበሱ፣ አበባ የተጫነባቸው ምስሎች ተደርድረዋል። አያ ሽባባው ያማትባሉ። ሲናደዱ አማርኛው ስለሚጠፋቸው በአገውኛ ይራገማሉ። ከግራም ከቀኝም ሰዉ ግንባሩን ወለል ላይ ይደፋል። መሳፍንት እጆቹን አጣምሮ መሀል ላይ ቆሟል። ቄሳቸው ነው መሰል ደረቱ ራቁት የሆነ ሽማግሌ ቀይ ነገር በሳህን ይዞ ይመጣና ግንባሩን ሊቀባው ጣቱን ይዘረጋል። ልጄ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

«ቆመ!» ይላሉ አያ ሽባባው ጭናቸውን መትተው። «የወንድሜ ልጅ! እንደ ዋርካ ቆመ!»

ናርዶስ ታጨበጭባለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ። ምንም አልተገኘባትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ በቃ ወረሰችኝ።

ይወጣሉ። ውጭው ወበቅ ነው መሰል መሳፍንት ፊቱ ወዝቷል። ፈተና እንዳለፈ ተማሪ እየሳቀ የሸሚዙን ቁልፍ ይከፍትና አንገቱን በመሐረብ ዙሪያውን ይጠርጋል። ከዚያ ጫማውን ሊያስር ያጎነብሳል። ስልኩን የያዘችው ያቺ ልጅ ናት፤ ከላይ ሆና ታሳየናለች።

አንገቱ ባዶ ነው።

ሲሄድ ጥቁሩን የሐር ክር በጸበል ነክሬ ያሰርሁለት እኔ ነኝ። ዛሬ ሲታጠብ ረስቶት ይሆናል እላለሁ፤ እናት አይደለሁ? ወደ ስልኩ እጠጋለሁ። የልጆቼ ማተብ ባረጀ ቁጥር እየቀየርሁ ነው ያሳደግኋቸው። ክር የኖረበት አንገት፣ ቀለበት እንደኖረበት ጣት፣ መስመር አለው። የመሳፍንት አንገት ዙሪያውን አንድ መልክ ነው፤ መስመሩ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ከልጅቱ ጋር የተዋወቁት ገና ዘንድሮ ነው። እሷን ሳያውቅ ነው የበጠሰው። በማን ላሳብብ?

አያ ሽባባው አላዩም፤ ዓይናቸው ደክሟል። ናርዶስ እሳቸውን ደግፋ ታስነሳለች። መሳፍንት ስልኩን ይቀበልና ቀና ሲል ዓይኑ ከዓይኔ ጋር ይገጣጠማል። ሳቁ ይጠፋል። እጁ ቀስ ብሎ ወደ ኮሌታው ይሄዳል።

«እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው» ይላሉ አያ ሽባባው መዳፋቸውን ዘርግተው። «ውለዱ፣ ክበዱ!»

«አሜን» ትላለች ናርዶስ።

«ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ!»

«አሜን።» ይህን ያለችው ልጅቱ ናት፤ ከናርዶስ ሰምታ፣ እሷም መዳፏን ዘርግታ።

«ማተብህን ያጽናልህ፣ ልጄ!» ይላሉ አያ ሽባባው።

«አሜን!» ይላል ልጄ ኮሌታውን ጨብጦ፣ ከሁላችንም ጮክ ብሎ።

«ይታይሽ፣ አንቺም አሜን በይ እንጂ» ይሉኛል አያ ሽባባው በስሜ ጠርተው።

ወደ ስልኩ ቀና እላለሁ። ካቪታ እጇን እንደዘረጋች እኔን ትጠብቃለች። የነተበው ክር እጇ ላይ ነው።